ምትክ ጣፋጭ፤ ለብርጭቆው ወይስ ለሳህኑ?

ከጦር ሠፈራችን እመቤቶች አንዲቱ ለዚህ ዓምድ የላኩልን ደብዳቤ አጭር ቢሆንም፣ የያዘው ጥያቄ የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ሆኖ ስላገኘነው የዛሬውን ገጽ በሙሉ ለእርሱ ልንሰጠው ወደናል። ባለቤታቸው ለብዙ ዓመታት በመስክ ያገለገሉ የሃምሳ አለቃ ናቸው። ወደ ጽሕፈት ቤት ሥራ ከተዛወሩ ወዲህ ግን ክብደታቸው እየጨመረ በመሄዱ፣ ሐኪም ስኳርና ቅባት እንዲቀንሱ አዝዟቸዋል። ወይዘሮዋም የባለቤታቸውን የጣፋጭ ፍቅር ስለሚያውቁ፣ ከከተማ «ስኳር የለሽ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ብስኩት ከተራው በሦስት እጥፍ ዋጋ እየገዙ ከሻይ ጋር ማቅረብ ጀመሩ። «እርሱ ግን» ይላሉ በደብዳቤያቸው፣ «ጣዕሙ አላረካኝም እያለ፣ ድሮ ሁለት ይበቃው የነበረው ሰው አሁን ስድስት ይበላል። ለመሆኑ ገንዘቤን በከንቱ እያፈሰስሁ ነውን?»

መልሳችንን ከወዲሁ እንንገራቸው። በብስኩቱ በኩል፣ አዎን፣ በከንቱ ነው። በሻዩ በኩል ግን ምትኩ ሊረዳቸው ይችላል። ነገሩ እንዲህ የሚለያይበትን ምክንያት ለመረዳት፣ ስኳር በአንድ ምግብ ወይም መጠጥ ውስጥ ገብቶ ምን ሥራ እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

በሻይ ብርጭቆ ውስጥ የስኳር ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ማጣፈጥ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከእርሱም 16 ካሎሪ ይገኛል። ቁጥሩ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው። ዳሩ ግን ሻይን በሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ፣ በቀንም ከማለዳ እስከ ማታው ተረኛ ድረስ ስድስት ብርጭቆ የሚያነሣ ሰው በመካከላችን ጥቂት አይደለም። ይህ ሰው በቀን 18 ማንኪያ፣ ማለትም 72 ግራም ስኳር ጠጣ ማለት ነው፤ በካሎሪ ሲታሰብ 288 ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ ጠቅላላ ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻልም ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል። በቀን 2 ሺህ ካሎሪ ለሚበቃው ሰው 10 በመቶው 50 ግራም ስኳር ነው። እንግዲህ ያ ሰው ኬክ የሚባል ነገር ሳይቀምስ፣ በሻይ ብቻ ከወሰኑ አልፏል። የቡናውን ስኳር ገና አልቆጠርንም።

ምትኩ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። አንዲት የሳካሪን እንክብል ወይም ጥቂት ስቴቪያ ሻይ ውስጥ ገብታ የስኳርን ብቸኛ ሥራ ትሠራለች፤ ካሎሪ ግን የላትም ማለት ይቻላል። ሳካሪን በምላስ ላይ የሚቀር መራራ ጣዕም ስላላት ሁሉም ሰው አይወዳትም። በእኛ አስተያየት ግን ከእንክብሉም የሚሻል መንገድ አለ። ሦስቱን ማንኪያ ወደ ሁለት፣ ከጥቂት ሳምንታትም በኋላ ሁለቱን ወደ አንድ ማውረድ ነው። ምላስ እንደ ምልምል ወታደር ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ያጉረመርማል፣ ከዚያ በኋላ ይለምዳል። ሻዩ ውስጥ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል በደንብ ከገቡለት ደግሞ ማጉረምረሙም ይቀንሳል።

ወደ ኬክ ስንመጣ ሁኔታው ይለወጣል። በኬክ ውስጥ ስኳር የሚያጣፍጥ ብቻ ሳይሆን የሕንጻው አካል ነው። ከቅቤ ጋር ሲመታ አየር አስገብቶ ሊጡን ያቀልለዋል፤ እርጥበት ይዞ ኬኩ እንዳይደርቅ ያደርጋል፤ የላዩ ቡናማ መልክና ሽታም በአብዛኛው ከእርሱ የሚገኝ ነው። አስፓርቴም የተባለው ምትክ ከስኳር 200 ጊዜ ያህል ይጣፍጣል። ስለሆነም የ200 ግራም ስኳርን ጣዕም 1 ግራም ይተካዋል ማለት ነው። የጎደለውን 199 ግራም ግን ማን ይሞላዋል? በዚያ ላይ አስፓርቴም በምድጃ ሙቀት ጣዕሙን ያጣል። ሱክራሎዝ ሙቀቱን በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማል፤ ባዶውን ቦታ ግን እርሱም አይሞላም። ስለዚህ ፋብሪካዎች እንደ ማልቲቶል ያሉ ነገሮችን በብዛት ይጨምራሉ። ማልቲቶል ከስኳር ካሎሪ ግማሹን ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጠውን ይሰጣል። በብዛት ሲበላም ሆድን ይነፋል፤ ያስቀምጣልም። ስድስት ብስኩት በልቶ ለጥበቃ የሚወጣ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ይበጀዋል።

ሌላው ስሕተት «ስኳር የለሽ» የሚለውን ጽሑፍ «ካሎሪ የለሽ» ብሎ ማንበብ ነው። ብስኩቱ ስኳሩ ቢወጣለትም ዱቄቱና ቅባቱ በቦታቸው አሉ። ዱቄት በሆድ ውስጥ ሲፈጭ ወደ ስኳርነት ይለወጣል፤ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ደም ይህንን ከማንኪያ ከመጣው ስኳር ለይቶ አያየውም። ቅባት ደግሞ በግራም 9 ካሎሪ ይሰጣል፤ ስኳር ግን 4 ብቻ ነው። ተራው ብስኩት አንዱ 40፣ ስኳር የለሹ ደግሞ 35 ካሎሪ አለው ብለን እናስብ። የሃምሳ አለቃው ድሮ በሁለቱ 80 ካሎሪ ያገኙ ነበር፤ ዛሬ በስድስቱ 210 ያገኛሉ። ለዚህም ሦስት እጥፍ ዋጋ ይከፈልበታል።

ቦምቦሊኖም እንደዚሁ ነው። ላዩ ላይ የተነሰነሰውን ስኳር ብናራግፈው የምናተርፈው አንድ ማንኪያ ቢሆን ነው፤ ሲጠበስ የጠጣውን ዘይት ግን ማንም አያራግፈውም። ሙሸበክና ባቅላባ በሽሮፕ የተነከሩ በመሆናቸው ስለ እነርሱ ብዙ መናገር አያሻም። የሐረርና የድሬዳዋ ሰዎች የሚያውቁት ሐላዋ ደግሞ ከስኳር፣ ከስታርችና ከቅባት በእሳት ላይ ረጅም ጊዜ እየተማሰለ የሚሠራ ነው። ስኳሩ ከወጣለት ሄል ሄል የሚል ሙጫ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለውን ምግብ በምትክ ከመሥራት ጨርሶ አለመሥራት ይሻላል እንላለን።

አንዳንድ ቤተሰቦች ምትክ መስሏቸው የሚይዟቸው፣ ምትክ ያልሆኑ ነገሮችም አሉ። የመጀመሪያው ማር ነው። «ማር ተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም» ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ማር ግን ከአምስት እጅ አራቱ ስኳር ነው፤ ከስኳር ስለሚከብድም አንድ ማንኪያ ማር ከአንድ ማንኪያ ስኳር የበለጠ ካሎሪ ይይዛል። ሁለተኛው የጾም ኬክ ነው። እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ስለሌለበት ቀላል ይመስላል፤ በቅቤው ፋንታ የገባው ዘይት ግን በካሎሪ ከቅቤ አያንስም፤ ስኳሩም አልጾመም።

ስለ ምትኮቹ ደኅንነት የሚነገረውም ብዙ ነው። ከሁሉ ቀዳሚዋ ሳካሪን የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ1879 በአሜሪካ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ነው። ኮንስታንቲን ፋልበርግ የተባለው ኬሚስት እጁን ሳይታጠብ እራት ላይ ተቀምጦ የነካው ዳቦ እንግዳ ጣፋጭነት ስለነበረው ነገሩን እንደደረሰበት ራሱ ተናግሯል። የቤት እመቤቶቻችን ስለ እጁ ምን እንደሚሉ እናውቃለን። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ስኳር በአውሮፓ ሲጠፋ ሳካሪን በብዙ ቤቶች ገባች። እ.ኤ.አ. በ1977 በአይጦች ላይ የፊኛ ነቀርሳ አምጥታለች ተብሎ በአሜሪካ ልትታገድ ነበር፤ በኋላ ግን ነገሩ የአይጥ ሰውነት ልዩ ጠባይ እንጂ ሰውን እንደማይመለከት ስለታወቀ፣ በማሸጊያው ላይ የነበረው ማስጠንቀቂያ እ.ኤ.አ. በ2000 ተነሣ። አስፓርቴምንም በሚመለከት፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የነቀርሳ ምርምር ድርጅት «ነቀርሳ ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚባሉት ዘንድ መድቦታል። ይሁን እንጂ በዚያው ጊዜ የምግብ ተጨማሪዎችን የሚመረምረው የባለሙያዎች ጉባኤ፣ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት እስከ 40 ሚሊ ግራም መውሰድ ይቻላል የሚለውን የቀድሞ ወሰኑን አልለወጠም። ይህም 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ወሰኑን ለማለፍ በቀን ከ9 እስከ 14 ጣሳ ስኳር የለሽ ለስላሳ መጠጣት አለበት ማለት ነው። በሻይ ውስጥ በምትገባ እንክብል ቤተሰብ ሊሸበር አይገባም።

ከነቀርሳው ወሬ ይልቅ ለጠያቂያችን የሚጠቅመው፣ ያው ድርጅት በዚያው ዓመት በግንቦት ያወጣው ምክር ነው። ክብደትን ለመቆጣጠር ሲባል የስኳር ምትኮችን መጠቀምን አልደገፈም። በአጭር ጊዜ ክብደት በጥቂቱ ቢቀንስም፣ በረጅም ጊዜ ጥቅሙ አልታየምና። እኛም ምክንያቱን በሃምሳ አለቃው ሳህን ላይ እናየዋለን። ሰው «ይህ ቀላል ነው» ያለውን ምግብ በዓይኑ አይቆጥረውም፤ ያልረካ ምላስም እጅን ደጋግሞ ወደ ሳህኑ ይልካል። ምክሩ ግን የስኳር በሽታ ያለባቸውን ሰዎች አይመለከትም፤ እነርሱ ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ታዲያ የሃምሳ አለቃው ጣፋጭ ሳይቀምሱ ይኑሩ ማለታችን ነውን? አይደለም። በአባቶቻችን ማዕድ ከእንጀራው በኋላ የሚቀርብ ጣፋጭ አልነበረም፤ ጣፋጭ የበዓልና የእንግዳ ነበረ። እንግዲህ ወይዘሮዋ የብስኩቱን ገንዘብ ያጠራቅሙና በሳምንት አንድ ቀን፣ በቅዳሜ ወይም በእሑድ፣ እውነተኛውን ኬክ አንድ ቁራጭ ከሁለት ከፍለው አብረው ይብሉት። እውነተኛው ከአንድ ቁራጭ በፊት የሚያረካ በመሆኑ፣ ስድስት አያስበላም። በሌሎቹ ቀናት ከምሳ በኋላ ፓፓያ ወይም ብርቱካን ይቅረብ፤ 100 ግራም ፓፓያ 43፣ ብርቱካን ደግሞ 47 ካሎሪ ያህል አለው፤ ከተመሳሳይ ክብደት ኬክ ጋር ሲመዛዘን እጅግ ያነሰ ነው። በለስ በሚገኝበት አገር ያሉት በክረምት ከዚህ የተሻለ ጣፋጭ መፈለግ የለባቸውም፤ እሾሁን ያወጣ እጅ ደግሞ ለመብላት አይቸኩልም። ከጭማቂ ቤት ሲታዘዝ «ያለ ስኳር» ማለት እንዳይረሳ።

በመስክ ላይ ያለው ወታደር ግን ይህን ገጽ ለባለቤቱ ይተውላት። በከባድ ጉዞና ሥራ ላይ ያለ ወታደር በቀን ከ4 ሺህ ካሎሪ በላይ ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ካሎሪ የለሽ ምትክ በጓዙ ውስጥ መያዝ ባዶ ከረጢት እንደመሸከም ነው። ችግሩ የሚመጣው በኋላ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦም እንደ ተራራው ጊዜ መብላቱን ሲቀጥል ነው።

በመጨረሻም በቤታቸው ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ያላቸው እመቤቶች ይህን አንድ ነገር በብርቱ እንዲይዙልን እንለምናለን። መድኃኒቱን ወስዶ ምግብ የዘገየበት ሰው ሲንቀጠቀጥ፣ ሲያልበውና ሲደነጋገር ስኳሩ ወርዶበት ሊሆን ይችላል። በዚያች ሰዓት ሳካሪንም ሆነ ስኳር የለሽ ለስላሳ ምንም አይፈይድም፤ ይጣፍጣል እንጂ ደም ውስጥ የሚገባ ስኳር የለውም። የሚያስፈልገው 15 ግራም ያህል እውነተኛ ስኳር ነው፤ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ በውኃ በጥብጦ ማጠጣት። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይደገምለት። ራሱን የሳተ ከሆነ ግን በአፉ ምንም ሳይሰጠው በፍጥነት ወደ ሕክምና ይወሰድ። ስለዚህ በቤቱ ውስጥ ያለው ስኳር ሁሉ በምትክ ተለውጦ ቢሆን እንኳ፣ ጥቂት እውነተኛ ስኳር በወረቀት ተጠቅልሎ በደንብ ልብሱ የደረት ኪስ ውስጥ ይቀመጥ። ልብሱ በታጠበ ቁጥርም ወደ ኪሱ መመለሱ ይታይ።