ቀባሪስ አላጣንም፤ ጧሪ ግን?

በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላል። እኛም ጎንበስ ብለን «አሜን» እንላለን። ምርቃቱ ግን ሁለት ጉዳይ ነው የያዘው፤ መጦርና መቀበር። ለመቀበሩ እድር አቋቁመናል፣ ሊቀመንበርና ገንዘብ ያዥ መርጠናል፣ ድንኳንና ወንበር ገዝተናል፣ በየወሩ እናዋጣለን፣ የቀረም ይቀጣል። ለመጦሩስ? እሱን «ልጆቹ አሉለት» ብለን ትተነዋል።

የዛሬው ጠባችን ከዚህች «ልጆቹ አሉለት» ከምትባል ነገር ጋር ነው።

ስለ እርጅና ስናነሳ «እሱ የጃፓንና የጣሊያን ችግር ነው፤ እኛ ወጣት አገር ነን» የሚሉን አይጠፉም። እውነት ነው፣ ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ገና 20 ዓመት አልሞላውም። ግን ወጣት ያረጃል እኮ! በተለይ እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ቁጥሩን እንየው። በ1997 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት አንዲት የአዲስ አበባ ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ 1.4 ልጅ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ደግሞ 1.8 (ያኔ የአገሪቱ አማካይ 4.6 ነበር)። አንድ ትውልድ ራሱን ለመተካት ከ2 ትንሽ ከፍ ያለ ያስፈልገዋል። ታዲያ «ልጆቹ» የሚባሉት እነማን ናቸው? አንዷ ቤሩት ወይም ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች፤ አንዱ እዚሁ ሆኖ ደመወዙን ለቤት ኪራይ ያስረክባል። ሦስተኛ የለም።

ደግሞ አንሸዋወድ፤ «ልጆቹ» ማለት በተግባር «ሴት ልጁ» ማለት ነው። ወንድሟ ብር ይልካል፣ ሰፈሩም ይመርቀዋል። እሷ ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ ሐኪም ቤት ታመላልሳለች፣ በመጨረሻም ሥራዋን ትለቃለች። እሷን የሚመርቅ የለም፤ ግዴታዋ ነዋ!

መንግሥትስ? ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እረዳለሁ ብሏል። የግል ድርጅት ሠራተኛ በአዋጅ ጡረታ ያገኘው ግን ገና በ2003 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ጥሩ ነው። ግን ገበሬው፣ የጉልት ነጋዴዋ፣ ሊስትሮው፣ የቤት ሠራተኛዋ በተግባር የሉበትም። አብዛኛው ሕዝብ ደግሞ እነሱ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ሲያረጁና ዘመድ ሲያጡ የሚቀራቸው እንደ መቄዶንያ ያለ የበጎ ሰዎች በር ነው። መቄዶንያን እናመሰግናለን፤ ነገር ግን አገር ሙሉ እርጅና በምጽዋት አይሸፈንም።

«ድሃው መዋጮ ከየት ያመጣል?» የሚል ይኖራል። ይኸው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን! በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ገበሬው በየዓመቱ አዋጥቶ ሊታከምበት ነበር የታሰበው፤ አዋጣም፣ ታከመበትም። እድሩም ሌላ ምስክር ነው። ለሞቱ በየወሩ የሚያዋጣ ሕዝብ ለእርጅናው አያዋጣም ያለው ማነው?

«ባህላችን ይጠፋል፤ እንደ ፈረንጅ እናታችንን ማዶ እንድንጥል ነው?» ለሚሉንም መልስ አለን። ጃፓኖች ወላጅ በማክበር ከእኛ የማያንሱ ሕዝብ ናቸው። እነሱ ግን እ.ኤ.አ. በ2000 የእንክብካቤ መድን ጀመሩ። 40 ዓመት የሞላው ሁሉ ያዋጣል፤ አዛውንቱ ሲደክሙ የሠለጠነ ረዳት ቤታቸው ድረስ ይመጣል። በዚህ ምክንያት ወላጅ መውደድ አልቀረም። በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ የሚያግዛት ያገኘች ልጅ እናቷን የምትወደው ሳትማረር ነው።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። እድሮቻችን ከወር መዋጯቸው ጥቂቷን በሕይወት ላሉ አቅመ ደካማ አባላት ይመድቡ፤ ከድንኳኑ ጎን አንድ ተሽከርካሪ ወንበርም ይግዙ። መንግሥት የደመወዝተኛውን ጡረታ ለጉልት ነጋዴዋም በአቅሟ መጠን ይክፈትላት፤ እሷ አንድ ብር ስታስቀምጥ እሱም ይጨምርላት። ከተማችን ደግሞ ሰፈር ስታፈርስ አዛውንቶችን አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ መስቀሏን ትተው። እድሩ ተበትኖ፣ ጎረቤቱ ጠፍቶ፣ ደረጃ መውረድ አቅቷቸው በመስኮት የሚያዩ እናቶች ከጧሪ ብቻ ሳይሆን ከሰውም ተለይተዋል።

ዛሬ 25 ዓመት የሆነን ሰዎች በ2050ዎቹ 60 ይሞላናል። ብዙዎቻችን አንድ ልጅ ይዘን፣ አንዳንዶቻችን ያለ ልጅ። ያን ጊዜ ቀባሪ አናጣም፤ እድራችን ሰዓቱን አክብሮ ይመጣል። እስከዚያ ያለውን ሃያ ዓመት ማን እንደሚይዘን ግን ዛሬ፣ ጉልበትና ደመወዝ ሳለን መወሰን ያለብን እኛው ነን። እሁድ የእድር ስብሰባ ካለ እናትዎን ብቻ አይላኩ፤ ሄደው እጅዎን ያውጡና ይጠይቁ።