ሰኞ የተዘፈዘፈ አፈር

የመንገድ ምርምር ላቦራቶሪ የሚጎበኝ የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ብዙውን ጊዜ በአውቶቡስ ሄዶ፣ ማሽኖቹን ዞሮ አይቶ፣ ፎቶ ተነስቶ በዚያው ቀን ይመለሳል። ይህ አይበቃም።

ምክንያቱ የሚፈተሸው አፈር ራሱ ነው። ሲቢአር በሚባለው የመሸከም አቅም ፍተሻ፣ በብረት ሻጋታ የተጠቀጠቀው ናሙና 4 ቀን ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ምን ያህል እንዳበጠ ይለካል፤ ከዚያም የብረት ዘንግ ቀስ እያለ ይጫነዋል። የግማሽ ቀን እንግዳ ሲዘፈዘፍ ያያል እንጂ ውጤቱን አያይም። ለኢትዮጵያ ደግሞ ትልቁ ትምህርት ያለው እብጠቱ ላይ ነው። አዲስ አበባን ጨምሮ በብዙ ቦታ የሚገኘው መረሬ ክረምት ሲገባ ያብጣል፣ በጋ ሲመጣ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተነጠፈውንም አስፋልት አብሮ ይሰነጥቀዋል።

የሬንጅ ፍተሻ ግን ፈጣን ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ 100 ግራም ክብደት ያለው መርፌ ሬንጁ ላይ ለ5 ሰከንድ ይለቀቃል፤ የጠለቀበት ልክ ይነበባል። ይህን ተማሪው በገዛ እጁ ሊሠራው ሲችል ስለምን ቆሞ ይመለከታል?

ጊዜ ወስዶ መለካት ምን እንደሚያስገኝ ማሳያ አለ፦ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ የጭነት መኪኖች በሙከራ መንገድ ላይ ሲመላለሱ ቆይተው፣ የአክስል ጭነት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ ወደ 16 እጥፍ እንደሚጠጋ አሳይተዋል። ይህ እውቀት የተገኘው በትዕግሥት ከመለካት ነው።

ዩኒቨርሲቲዎችና ላቦራቶሪዎች ጉብኝቱን የአንድ ሳምንት ያድርጉት። ተማሪው ሰኞ የዘፈዘፈውን ናሙና ዓርብ ራሱ ይለካው።