በአርዲቦ ሐይቅ በታንኳ ዓሣ ለሚያጠምዱ ሰዎች ስለሚገባ ጥንቃቄ

በደቡብ ወሎ የሚገኘው የአርዲቦ ሐይቅ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ በተራሮች መካከል የተቀመጠ ውሃ ነው። ፊቱ ጸጥ ብሎ ቢታይም ጥልቀቱ ከ60 ሜትር ያልፋልና፤ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል መባሉ ለእንደዚህ ያለው ነው።

በትንሽ ታንኳ ላይ ሰው የሚጠፋው በማዕበል ብቻ አይደለም። ዓሣ አጥማጁ መረቡን ለመሳብ ብድግ ባለ ጊዜ ታንኳው ያጋድላል፤ ከወደቀም በኋላ የራሰው ልብሱና መረቡ እጅና እግሩን ይይዙታልና ዋና ማወቁ ብቻውን አያድነውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2021 በዓለም 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ከ10 እጅ 9ኙ የሞቱትም ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች ነው።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለንግድ የሚያጠምድ ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል። እንግዲህ ፈቃድ ሰጪው ሹም ፈቃዱን ሲሰጥ የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን ቢመረምር፤ ጃኬት ያላገኘውም ቢያንስ አፉ በደንብ የተከደነ ባዶ ጀሪካን በታንኳው ላይ እንዲይዝ ቢያስጠነቅቅ፤ ወጪው ጥቂት፤ የሚያተርፈው ግን ነፍስ ነው። ወደ ፈቃድ ቤት የማይመጣውን ድኻ ደግሞ ካህናትና ሽማግሎች፤ ብቻውን እንዳይወጣ፤ ነፋስ ሲነሣ እንዳይሻገር፤ የሚመለስበትንም ሰዓት ለቤተ ሰቡ እንዲነግር ሊመክሩት ይገባል። የተቀደደ መረብ ይጠገናል፤ የጠፋም በገንዘብ ይተካል፤ ለልጆች ግን አባትን የሚተካላቸው የለም።