በመኪና ሆድ ውስጥ ስለ ተገኘ ነገር

ልጆች ሆይ፥ መኪና በሰው ጥበብ የተሠራ አገልጋይ ነው። አውቶሞቢሉም፥ የልብስ ስፌቱም መኪና፥ ሰዓቱም፥ ራዲዮውም፥ ስልኩም እያንዳንዱ ብልቱ በልክ ተሠርቶ በስፍራው ተቀምጧል። ሰው የማይስማማውን ቢበላ ሆዱ ይመልሰዋል፤ መኪና ግን የገባበትን ሁሉ ዝም ብሎ ይቀበላል፥ የሚያስታውክበትም አፍ የለውም። ስለዚህ አንዲት ጠጠር ብትገባበት እስኪሰበር ድረስ ይዟት ይዞራል። ዛሬ በመኪና ሆድ ውስጥ ስለሚገኝ እንግዳ ነገር፥ ከዚያም ነገር ይልቅ ስለሚከፋ ስለ አንድ ሌላ ነገር ልነግራችሁ እወዳለሁ።

አንዳንድ ጊዜ ወደ መኪና የሚገባው እንስሳ ነው። በብርድ ሌሊት ድመት ሙቀት ፈልጋ በአውቶሞቢል ሞተር አጠገብ ትተኛለች፤ ስለዚህ ብልህ ነጂ ጧት ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ክዳኑን በእጁ መታ መታ ያደርጋል። አይጥም በሞተሩ አጠገብ ጎጆዋን ትሠራለች፥ ሽቦውንም ትቈረጥማለች።

ሸረሪትም አካሏ ትንሽ ሲሆን ትልቅ ጕዳት አድርሳለች። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. ማዝዳ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በሰሜን አሜሪካ ከሸጣቸው አውቶሞቢሎች 65,000 ያህሉን ለምርመራ አስጠራ። ምክንያቱም ቢጫ ሸረሪት የቤንዚን ሽታ ስቧት፥ የቤንዚኑ መያዣ አየር በሚያገኝበት ቀጭን ቧንቧ ውስጥ ድሯን ስላደራች ነው። ቧንቧው ሲደፈን መያዣው አየር አጥቶ ይጨነቃል፥ ሊሰነጠቅም ይችላል፤ ቤንዚን ከፈሰሰ ደግሞ እሳት ሊነሣ ይችላል። በ2014 ዓ.ም. ስለዚሁ ስለ ሸረሪት ድር 42,000 ያህል አውቶሞቢሎች ዳግመኛ ተጠሩ። አባቶቻችን፥ “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” አሉ፤ እነሆ፥ ድር አውቶሞቢልንም አሰረ። ነገር ግን ጕዳዩ ለገዦቹ ስለ ተነገራቸው ሰዎቹ አውቶሞቢላቸውን ለማስመርመር ቻሉ።

ከዚያ አስቀድሞ በ1947 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ ሁለት የሚባል ታላቅ የሒሳብ መኪና ነበረ፤ ዛሬ ኮምፒዩተር ከምንላቸው ወገን ነው። በሴፕቴምበር 9 ቀን ሠራተኞቹ ጕድለቱን ሲመረምሩ፥ በኤሌክትሪክ ኀይል ከሚከፈቱና ከሚዘጉ ብልቶቹ በአንዱ ውስጥ አንዲት የእሳት ራት አገኙ። ስሟ እንደሚመሰክር ለእሳት ራት የምትሆን ነበረች፤ በዚያ ቀን ግን የመኪና ራት ሆነች። በዚያ አገር መሐንዲሶች ከዚያ ቀድሞ የመኪናን ጕድለት በቀልድ “ተባይ” ብለው ይጠሩት ነበር። ስለዚህ ሠራተኞቹ የእሳት ራቷን በዕለት መዝገባቸው ላይ ለጥፈው፥ እውነተኛ ተባይ መገኘቱን ከሥሯ ጻፉ። ያች መዝገብ እስከ ዛሬ በዋሽንግተን ከተማ በሙዚየም ተጠብቃ ትኖራለች። እናንተም ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች የመኪናቸውን ጕድለት አልሸሸጉትም፥ ጻፉት እንጂ።

እንስሳት የሚያደርጉትን አያውቁም። ሰው ግን አንዳንድ ጊዜ ባለማወቅ፥ አንዳንድ ጊዜም ለሳቅ ሲል እንግዳ ነገር ወደ መኪና ያገባል። በ2017 ዓ.ም. በቻይና በሻንግሃይ ከተማ አንዲት የ80 ዓመት አሮጊት ወደ አውሮፕላን ሲገቡ፥ መንገዱ እንዲቀናቸው ብለው ሳንቲሞች ወደ ሞተሩ ወረወሩ። ያየ መንገደኛ ግን ዝም አላለም፥ ተናገረ። 150 ያህል መንገደኞች ወርደው ሞተሩ ተመረመረ፤ አንዲት ሳንቲምም በውስጡ ተገኘች። ጕዞው ብዙ ሰዓት ዘገየ፤ ነገር ግን አውሮፕላኑ በኋላ ተነሥቶ በደኅና ደረሰ።

ለሳቅ ብለው የሚያደርጉት ደግሞ አሉ። አንዱ ልጅ የበቈሎ ቆረቆንዳ በአውቶሞቢል ጭስ ማውጫ ውስጥ ይወትፋል፤ ጭሱ መውጫ ሲያጣ ሞተሩ ታፍኖ ሊጠፋ፥ መርዙም በስንጥቅ ገብቶ በውስጥ የተቀመጡትን ሊጐዳ ይችላል። ሌላው በቤንዚኑ መያዣ ስኳር ይጨምራል፤ ስኳር በቤንዚን አይሟሟምና እንደ አሸዋ ከታች ዘቅጦ ማጣሪያውን ይደፍናል። ያ አውቶሞቢል በዚያች ሌሊት ምጥ የጠናባትን ሴት ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርስ እንደ ሆነ ልጁ ከወዴት ያውቃል? ሳቁ የአንድ ደቂቃ ነው፤ ጕዳቱ ግን የማን ዕድል እንደሚሆን አይታወቅም።

እኔም ልጅ ሳለሁ እንዲህ ያለ ጥፋት አጥፍቻለሁ። በመንደራችን በገበያው ዳር አንድ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ እናትና አባቱ የሞቱበት አንድ ልጅም ሥራ እየተማረ ይረዳቸው ነበር። አንድ ቀን ሁለቱ ምሳ ሊበሉ ወደ ጓዳ ሲገቡ፥ እኔ ወደ ስፌቱ መኪና ቀርቤ ዘይት በሚጨመርበት ቀዳዳ ጥቂት አሸዋ አፈሰስሁበት። ክፉ አሳብ አልነበረኝም፤ መኪናው ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚሰጥ ለመስማት ብቻ ነበር። ሰፊው ተመልሰው በረገጡት ጊዜ መኪናው እንደ ወፍጮ አጕረመረመ፥ ጥቂትም ዞሮ ቆመ።

በማግሥቱ ለሙሽራ የሚደርስ ቀሚስ ነበረባቸውና እጅግ ተቈጡ። መኪናውን ፈትተው አሸዋውን ባዩ ጊዜ ወደ ልጁ ዘወር ብለው፥ “ከአንተ በቀር ወደዚህ የሚቀርብ ማን አለ?” አሉት። እርሱም፥ “ጌታዬ፥ እኔ አልነካሁትም” ብሎ ማለላቸው። እርሳቸው ግን አላመኑትም፥ አባረሩት። ልጁ ነጠላውን በትከሻው ላይ ጥሎ እያለቀሰ ሄደ። እኔ በአጥሩ ጀርባ ቆሜ አየው ነበር። “እኔ ነኝ” የሚለው ቃል እስከ ከንፈሬ ደረሰ፤ ነገር ግን አለንጋውን ፈርቼ መልሼ ዋጥሁት።

ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። ሲነጋ ለእናቴ ነገርኋት፤ እናቴም እጄን ይዛ ወደ ሰፊው ወሰደችኝና፥ “ያጠፋው የእኔ ልጅ ነው፤ እንደ ወደዱ ያድርጉት” አለቻቸው። ሰፊው አልመቱኝም። ወዲያው ያን ልጅ ፍለጋ ወጡ፤ ነገር ግን ልጁ ገና ጐሕ ሳይቀድ ከነጋዴዎች ጋራ ወደ ሌላ አገር ሄዶ ነበር። ተመልሰውም ከመኪናው አጠገብ ተቀመጡና፥ “አሸዋውን በጥቂት ዘይት አጥቤ አወጣሁት፤ ያን ልጅ ግን ከወዴት አምጥቼ ልካሰው?” አሉ። ዛሬ ጠጕሬ መሸበት ጀምሯል፤ ያ ቃል ግን ከጆሮዬ አልወጣም። ቢመቱኝ ኖሮ ምናልባት ዕዳዬን የከፈልሁ መስሎኝ በረሳሁት ነበር።

ስለዚህ የእኔ አሳብ ይህ ነው። በመኪና ውስጥ ከሚጨመር አሸዋ ይልቅ በልብ ውስጥ የሚሸሸግ ዝምታ የከፋ ነው። አሸዋ በዘይት ይታጠባል፤ ዝምታ ግን በየሰዓቱ ጥፋቱን ያሳድገዋል፥ ንጹሑንም ሰው በሐሰት ያስወነጅላል። እኔ የዘገየሁት አንዲት ሌሊት ብቻ ነበር፤ ነገር ግን ያች ሌሊት በቃች።

አንዳንድ ሰዎች፥ “ተንኰለኛ ልጅ በጽኑ ካልተቀጣ አይታረምም” ይላሉ። ጥፋት ያለ ቅጣት ይለፍ አልልም። ነገር ግን ጥፋቱን ራሱ የተናገረና በሌላ ሰው የተያዘ ልጅ አንድ ዓይነት ቅጣት ቢቀበሉ፥ ልጆች ሁሉ መሸሸግን እንጂ መታረምን አይማሩም። የተናገረ ልጅ ያበላሸውን በማደስ ይርዳ፤ ሠራተኛው ሲፈታ መብራት ይያዝለት፥ ያቈሸሸውን ይጥረግ፥ በእርሱ ፈንታ የተጠረጠረ ሰው ካለም በሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቀው። ይህ ከአለንጋ ይልቅ ያስተምራል። የሚፈርዱም ታላላቆች አይቸኵሉ፤ አሸዋ መኪናው ለምን እንደ ቆመ ይናገራል እንጂ ማን እንዳፈሰሰው አይናገርም።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ የሰው ንብረት በሆነ መኪና አትጫወቱ። ምናልባት አጥፍታችሁ እንደ ሆነ ወይም ሌላው ሲያጠፋ አይታችሁ እንደ ሆነ፥ መኪናው ሳይነሣ ሮጣችሁ ተናገሩ። “ሳይቃጠል በቅጠል” ይባላልና። “በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም” ተብሏልና። ሸረሪት፥ “ድሬን ከቧንቧው ውስጥ አድርቻለሁ” ብላ ልትናገር አትችልም፤ የእሳት ራትም አንደበት የላትም። ለእናንተ ግን አንደበት ተሰጥቷችኋል፤ በጊዜው ተናገሩበት።