የ“ጋዙ አመለጠ” ባለቤት ማን ነው?

ኅዳር 23 ቀን 1977 ዓ.ም. ለ24 አጥቢያ፣ በሕንድ አገር ቦፓል በተባለችው ከተማ፣ ሜቲል አይሶሳይኔት የሚባል 40 ቶን ያህል መርዛም ኬሚካል ከአንድ የፀረ ተባይ መድኃኒት ፋብሪካ በጋዝ መልክ ወጥቶ በተኛው ሕዝብ ላይ ወረደ። በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ፤ የተጎዱትን የሕንድ መንግሥት ራሱ ከ550,000 በላይ ያደርሳቸዋል።

ስለ አደጋው ሲወሳ ዘወትር “ጋዙ አመለጠ” ይባላል። ተማሪዎች፣ እስቲ ይህን ዐረፍተ ነገር በሰዋስው ዐይን ተመልከቱት። ባለቤቱ “ጋዙ” ነው፤ እንደ እስረኛ አጥር ዘሎ የሸሸ ያስመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ውሃ ወደ ማጠራቀሚያው ገብቶ ኬሚካሉን አፈላው፤ ማቀዝቀዣው ከወራት በፊት ሥራ እንዲያቆም ተደርጎ ነበር፤ የሚወጣውን ጋዝ የሚያቃጥለው ማማም ቱቦው ተፈትቶ ነበር። ኩባንያው “ውሃውን ሆን ብሎ የጨመረ ሠራተኛ አለ” ሲል ይከራከራል። ይህ እውነት ቢሆን እንኳ ማቀዝቀዣውን ያቆመው ያ ሠራተኛ አይደለም።

የፋብሪካውስ ባለቤት ማን ነበር? በስም አንድ የሕንድ ኩባንያ ነው፤ የዚህ ኩባንያ አክሲዮን 50.9 በመቶው ግን የአሜሪካው የዩኒየን ካርባይድ ነበር። ክሱ ኒው ዮርክ ሲቀርብ ዳኛው በ1978 ዓ.ም. ጉዳዩ በሕንድ ይታይ ብሎ መለሰው። በ1981 ዓ.ም. ክርክሩ በ470 ሚሊዮን ዶላር ዕርቅ ተዘጋ፤ የሕንድ መንግሥት የጠየቀው ከ3 ቢሊዮን በላይ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ሰባት ሕንዳውያን ኃላፊዎች ሁለት ሁለት ዓመት እሥራት ተፈረደባቸው። የአሜሪካው ኩባንያ ሊቀ መንበር ዋረን አንደርሰን ግን ቦፓል ላይ ተይዘው በዋስ ከተለቀቁ ወዲህ ወደ ሕንድ ሳይመለሱ በ2007 ዓ.ም. ሞቱ።

“ባለ አክሲዮን ካዋጣው ገንዘብ በላይ አይጠየቅም” የሚል ክርክር ይነሣል። ሕጉ ለንግድ መስፋፋት የጠቀመ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ለኩባንያ የሚያበድር ሰው ይህን ሕግ እያወቀ፣ ወለዱን ተስማምቶ ይፈርማል። በቦፓል እንቅልፍ ላይ የነበረችው እናት ከማን ጋር ተዋዋለች? ስለዚህ በእኔ አስተያየት፣ አደገኛ ሥራ በሚሠራ ኩባንያ ውስጥ ከግማሽ በላይ ድርሻ ይዞ የሚያዝ ባለሀብት፣ ትርፉን እንደሚቀበል ሁሉ ካሣውንም ሊከፍል ይገባዋል።

ይህ አሳብ ለሕግ እንግዳ አይደለም። ዴልሂ ውስጥ ከአንድ ፋብሪካ አሲድ አዘል ጋዝ ወጥቶ ጉዳት ባደረሰ ጊዜ፣ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1979 ዓ.ም. አደገኛ ሥራ ለትርፍ የሚሠራ ድርጅት ያለ አንዳች ማመካኛ ካሣ እንዲከፍል፣ የካሣውም መጠን በድርጅቱ አቅም እንዲለካ ደነገገ። የቦፓል ጉዳይ ግን በዕርቅ ስላለቀ በዚህ ሚዛን አልተመዘነም። ካሣው እንዲጨመር መንግሥት ያቀረበውንም ጥያቄ ይኸው ፍርድ ቤት በ2015 ዓ.ም. ውድቅ አደረገው። በፋብሪካው ግቢ ተከማችቶ የቆየው 337 ቶን ያህል መርዛም ቆሻሻ ከቦታው የተነሣው በ2017 ዓ.ም. ነው፤ ወጪውን የቻለውም የሕንድ መንግሥት ነው።