በበዓል ቀን ስንጠያየቅ



ቅዳሴው ተፈጽሞ፣ ዶሮው ተበልቶ፣ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሲሻገር በብዙ ቤት አንድ ጨዋታ ይነሣል። ከወጣቶቹ አንዱ የእጅ ስልኩን ያወጣና «ጥያቄ ልጠይቃችሁ» ይላል። ወዲያው ቤቱ በሁለት ቡድን ይከፈላል፤ ነጥብ የሚይዝ ይሰየማል፤ የአገሮች ዋና ከተማ፣ የወንዞች ርዝመት፣ የተራሮች ከፍታ፣ የኦሊምፒክ ባለድሎች ስም በየተራ ይጠየቃል። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት ይህንኑ ሰዓት የሚይዘው እንቆቅልሽ ነበር። ዛሬ ቦታውን የወሰደው «ጠቅላላ ዕውቀት» የምንለው ነው።

እኛ ይህን ጨዋታ ከሚነቅፉት ወገን አይደለንም። በዓል ያለ ዋዛ ፈዛዛ ሊከበር ይገባል የሚሉ አንዳንድ ወንድሞቻችን «የልጆች ፉክክር ነው፤ ምን ይረባል?» ሲሉ ሰምተናል። ይሁን እንጂ ቤተ ዘመዱ ተጠያይቆ ከሚውልና እያንዳንዱ በየስልኩ ላይ አቀርቅሮ ከሚውል የትኛው ይሻላል ብንባል መልሳችን ግልጽ ነው። ጌታችንም በዐሥራ ሁለት ዓመቱ በቤተ መቅደስ በመምህራኑ መካከል ተቀምጦ የተገኘው እየሰማና እየጠየቀ እንደ ነበረ ወንጌላዊው ሉቃስ ጽፎልናል። መጠየቅ የተከበረ ነገር ነው። የሚያሳስበን ሌላ ነው፤ ይኸውም ማን ምን እንደሚጠየቅና ያልመለሰው ሰው ከጨዋታው እንዴት ሆኖ እንደሚወጣ ነው።

የእንቆቅልሽን ሥርዓት እናስታውስ። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል። ጥያቄው ይቀርባል። ተጠያቂው ካወቀው ይመልሳል፤ ካላወቀው ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይለዋል። ያም ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጠዋል። ጠያቂው የተሰጠው አገር ገብቶ እንዴት እንደ በላ፣ እንዴት እንደ ጠጣ፣ ተሸናፊውን እንዴት እንዳዘዘው እያጋነነ ከተረከ በኋላ መልሱን ይናገራል። ልብ እንበል፤ ጠያቂው አገሩን ተቀብሎ መልሱን ይዞ መሄድ አይችልም። አገር የሰጠ ሰው መልሱን ሳያገኝ አይቀርም። የተሰጠው አገርም ከሰጪው ኪስ የወጣ አይደለምና ተሸናፊው ስቆ ወደ ቤቱ ይገባል፤ በማግሥቱም ያንኑ እንቆቅልሽ ይዞ ወደ ሌሎች ልጆች ይሄድና እርሱ በተራው አገር ይቀበልበታል። ይህን ሥርዓት ያበጁ አባቶችና እናቶች ብዙዎቻችን መምህራን ያልደረስንበትን የማስተማር ዘዴ ያውቁ ነበር።

በመጽሐፍ ቅዱስም ሁለት ዓይነት ጠያቂዎችን እናገኛለን። አንደኛዋ በአፈ ታሪክ ስሟ ከእንቁጣጣሽ ጋር የሚነሣው ንግሥተ ሳባ ናት። የሰሎሞንን ጥበብ ነጋዴው ታምሪን እንደ ነገራት ክብረ ነገሥት ይተርካል፤ መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በምዕራፍ 10 እንደሚነግረን ደግሞ ንጉሡን በእንቆቅልሽ ልትፈትነው ሄደች። ሁሉን በመለሰላት ጊዜ አላፈረችም፤ ካወሩላት ይልቅ ያየችው እንደሚበልጥ መስክራ 120 መክሊት ወርቅ ሰጠችው፤ እርሱም የወደደችውን ሁሉ ሰጥቶ ሸኛት።

ሁለተኛው ሶምሶን ነው። በሠርጉ ለ30 ሚዜዎቹ እንቆቅልሽ አቀረበላቸው፤ ውርርዱም 30 የበፍታ ቀሚስና 30 ልውጥ ልብስ ነበር። የእንቆቅልሹ መልስ ግን እርሱ ብቻውን በመንገድ ላይ ያየው፣ ለአባትና ለእናቱ እንኳ ያልነገረው ነገር ነው፤ በሞተ አንበሳ ሬሳ ውስጥ የሰፈረ የንብ መንጋና ማር። ማንም በዕውቀቱ ሊደርስበት አይችልም ነበር። ሚዜዎቹ ሙሽራይቱን ከነአባቷ ቤት እንደሚያቃጥሏት ዝተው መልሱን አወጡ፤ ሶምሶንም ዕዳውን ለመክፈል ወደ አስቀሎና ወርዶ 30 ሰዎች ገደለ። በየቤቱ ጥያቄ ላይ ገንዘብ ስለሚያስይዙ ሰዎች ብዙ አንናገርም፤ ይህ ሠርግ ይበቃል። ስለ ሶምሶን ኃይል በመንፈሳዊ ኮሌጅ ሳለን በሰፊው ተምረናል። ስለ ጥያቄው አድልዎ ያሰብነው ግን ራሳችን ጠያቂ ሆነን ከበደልን በኋላ ነው።

ነገሩ ከሆነ ብዙ ዓመት አልፎታል። በአንድ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት ለበዓል በተዘጋጀ የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ ጠያቂው እኛ ነበርን። ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ተራው ደርሶ ቆመ። «የመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት ስንት ናቸው?» አልነው። ሳያመነታ «66» አለ። እኛም በድምፅ ማጉያው «ስሕተት! 81» አልን። አዳራሹ ሳቀ። ከኋላ በኩል አንድ ሰው «የት ነው የተማረው?» ሲል ሳቁ ወደ ሹክሹክታ ተለወጠ። ልጁ ወደ ወንበሩ ተመለሰ። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም፤ በሦስተኛውም አልመጣም።

ቤቱ ድረስ ሄደን ስንጠይቅ እናቱ ከመደርደሪያው ላይ መጽሐፍ ቅዱሱን አውርደው አሳዩን። ልጁ ለውድድሩ ሲዘጋጅ ማውጫውን በጣቱ እያስነካ አንድ በአንድ ቆጥሮ ኖሯል። እትሙ በብዙ ቤት እንደሚገኘው 66ቱን ብቻ የያዘ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ቀኖና ቍጥራቸው 81 መሆኑ እውነት ነው፤ 46ቱ ብሉያት፣ 35ቱ ሐዲሳት ናቸው። ይሁንና በዚያ ዕለት ከቀረቡት ልጆች መካከል መጽሐፉን ገልጦ ራሱ የቆጠረ እርሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ሌሎቹ በቃል የያዙትን ነበር የሚደግሙት። «ከየትኛው መጽሐፍ ቆጠርህ?» ብለነው ቢሆን ኖሮ እርሱም አዳራሹም ስለ ቀኖና መጻሕፍት አንድ ነገር ተምረው በሄዱ ነበር። ይቅርታ ጠየቅነው። ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልተናገረም። ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ተመልሶ አላየነውም።

ይህን ልጅ እንደ ገና ያስታወሰን የ2018 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ነው። በዕለቱ በአንድ ዘመዳችን ቤት ተጋብዘን ሳለ የጥያቄው ጨዋታ ደርቶ ነበር። ስልኩን የያዘው ወጣት የአገራችንን ከፍተኛ ተራራ ከፍታ ጠየቀ። እኛም ማንም ሳይቀድመን «ራስ ዳሸን፣ 4620 ሜትር!» አልን። ወጣቱ ስልኩን ተመልክቶ «ጋሼ፣ 4550 ነው የሚለው» አለ። «እኛ የተማርነው 4620 ነው!» ብለን ተከራከርን፤ ድምፃችንም ሳናስበው ከፍ ብሎ ነበር። ኋላ ላይ ተራራው እንደ ገና ተለክቶ ቍጥሩ ዝቅ ማለቱን የተረዳነው ነጥቡ ከተቀነሰብን በኋላ ነው። ያ ልጅ የቤቱን መጽሐፍ እንደ ቆጠረ እኛም የትምህርት ቤታችንን መጽሐፍ ይዘን ነበር የተገኘነው።

ጠቅላላ ዕውቀት እንደ እንጀራ ሲያድር ይሻግታል። ዘጠኝ ብለን የቆጠርናቸው ፈለኮች ፕሉቶ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ከተራው ስትወጣ ስምንት ሆነዋል። ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2003 ዓ.ም. ነጻ አገር ስትሆን የተባበሩት መንግሥታት አባል የሆኑት የአፍሪካ አገሮች 54 ደርሰዋል። ቡጁምቡራ ብለን ያጠናነው የብሩንዲ የፖለቲካ መዲና በ2011 ዓ.ም. ወደ ጊቴጋ ዞሯል። ስለዚህ ጠያቂው «ስሕተት!» ብሎ ከመጮኹ በፊት ተጠያቂውን ከየት እንዳገኘው ቢጠይቀው ራሱን ከሐፍረት ያድናል።

ወደ በዓሉ ቤት እንመለስ። የቤቱ አያት ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ሃያ ያህል ጥያቄ ሲያልፍ አንዱም ወደ እርሳቸው አልዞረም። በመጨረሻ ከልጅ ልጆቻቸው አንዱ ለሳቅ ያህል «እማማ፣ የአውስትራሊያ ዋና ከተማ ማን ነው?» አላቸው። ልጆቹ ሳቁ። «እኔ ያልተማርኩት ምኑን አውቄው ልጄ» አሉና የታጠቡትን ሲኒዎች እንደ ገና ማጠብ ጀመሩ። (ከሳቁት መካከል ሁለቱ ሲድኒ ናት ብለው እንደ ነበር ኋላ ታውቋል፤ ካንቤራ ናት።)

እኛም ተራ ይሰጠን ዘንድ ለመንን። «በእጃችሁ የያዛችሁት ጠላ ሲጠመቅ ድፍድፍ የሚባለው ጥንስሱ ላይ ምን ሲጨመርበት ነው?» አልናቸው። ልጆቹ ተያዩ። አንዱ ጌሾ አለ፤ ሌላው ውኃ አለ። አያቲቱ ቀና ሳይሉ «እንኩሮ ነዋ» አሉ። ከወሩ ቀናት የየትኛው ቅዱስ መታሰቢያ በስንት እንደሚውል ስንጠይቅ ልጆቹ ሚካኤልን፣ ማርያምንና ጊዮርጊስን መልሰው ቆሙ፤ እርሳቸው ግን ከልደታ ጀምረው ሳይደናቀፉ እስከ በዓለ ወልድ አደረሱ። «ዘመኑስ የማን ነው?» ስንል «የማርቆስ ነው፤ ማቴዎስ ትናንት አለቀ» አሉን።

ስልክ የያዘው ወጣት ይህ እንዴት እንደሚታወቅ ጠየቀ። በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት በድሜጥሮስ ስም የሚጠራውን ባሕረ ሐሳብ ባጭሩ አሳየነው። በ5500 ላይ 2018 ሲደመር 7518 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይቀራል። አንድ ሲቀር ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ሲካፈል ዮሐንስ ነው። 7518ን ከ1879 ጋር ደምረን ለ7 ስናካፍል ደግሞ 3 ይቀራል፤ ከማክሰኞ ጀምረን ስንቈጥር ሦስተኛው ሐሙስ ነው። ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ወጣቱ በስልኩ አስልቶ በደረሰበት ጊዜ ፊቱ ላይ ያየነው ደስታ ስለ ካንቤራ ነጥብ ሲያገኝ ካየነው ይበልጥ ነበር።

ይህን ስንል ካንቤራን ማወቅ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። አያቲቱም ራሳቸው ኋላ ላይ «ይኸ አውስትራሊያ የተባለው በየት በኩል ነው?» ብለው በስልኩ ካርታ ላይ እንዲያሳዩዋቸው አድርገዋል። ጥያቄ ሲመረጥ ግን አንዱን መልስ አውጥቶ የሚዘጋ አለ፤ ሌላ ሰው እንዲናገር በር የሚከፍትም አለ። አበበ ቢቂላ በሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ያሸነፈው መቼ ነው ሲባል «በ1960» ተብሎ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይመለስና ይታለፋል። «በእኛስ?» ብለን ብንጨምርበት ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሆኖ እናገኘዋለን፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማለት ነው። ሩጫው አመሻሽ ላይ ተጀምሮ በችቦ ብርሃን በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር ሲፈጸም፣ በፋሺስት ወረራ ዘመን ከአክሱም ተወስዶ ሮም ላይ በቆመው ሐውልት አጠገብ አልፏል። ሐውልቱ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. እንደ ገና ቆሟል። በቤቱ የዚያን ዓመት የበዓል ዋዜማ የሚያስታውሱ አዛውንት ካሉ ከዚህ በኋላ ጥያቄው የእርሳቸው ነው፤ ስልኩም ለጊዜው ሊቀመጥ ይችላል።

በዚያ ቤት የመጨረሻዋ ጠያቂ አያቲቱ ሆኑ። በረካው ተቀድቶ ሳለ ለዚያው በሳቅ ለጠየቃቸው የልጅ ልጃቸው «እንቆቅልህ!» አሉት።

«ምን አውቅልሽ!»

«ጳጉሜን 6 ቀን የተወለደ ሰው በማን ዘመን ተወለደ?»

ልጁ ስልኩን አነሣ። «በስንት ዓመተ ምሕረት ነው የተወለደው እማማ?»

«ዓመቱማ አያስፈልግህም።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ባሕረ ሐሳብ ያስተማርነው እኛም በጣታችን ስንቈጥር ቈየን። ልጁ በመጨረሻ «አገር ልስጥሽ?» አለ።

«ስጠኛ!»

«አውስትራሊያን ሰጠሁሽ።»

«አውስትራሊያ ገብቼ» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ካንቤራ ላይ ጠላዬን ጠምቄ፣ አንተን ምጣድ ዳር አስቀምጬ እንኩሮዬን እያስገላበጥኩህ፣ ከነስልክህ ጭስ ለጭስ ሳስሮጥህ ዋልኩ። ጳጉሜን 6 የምትሆነው ሉቃስ ሲያልቅ ብቻ አይደል? ሉቃስ ነው!»