የአያቶችን ቤት በጥቂት ገንዘብ

በሐረር ጁገል ከአያት ቅድመ አያት የተረከቡትን ቤት ለማደስ የሚያስቡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ጁገል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቤት ለማደስ የተነሣ ቤተሰብ ግን ያለችውን ጥቂት ብር ከየት እንደሚጀምርባት አስቀድሞ ሊመካከር ይገባዋል።

ብዙዎቻችን የምንሮጠው ወደ ሲሚንቶ ነው። የጥንቱ ግድግዳ በድንጋይና በጭቃ የተገነባ በመሆኑ ርጥበትን ስቦ መልሶ ያስወጣል። በሲሚንቶ ሲለሰን ግን መውጫው ይዘጋል፤ ርጥበቱ ውስጥ ታምቆ ጭቃውን ያላላል፣ ልስኑም ውሎ አድሮ ተገንጥሎ ይወድቃል። በውድ የተገዛው ጥገና ቤቱን ይጎዳል ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ብር ጣሪያው እንዳያፈስ ይዋል። ሁለተኛው የዝናብ ውሃ ከግድግዳው ሥር እንዳይቋጥር ቦይ ለማውጣት ይሁን። ከዚያ ስንጥቁ በጭቃ ይሞላ፤ ሲደርቅ ኖራ ይቀባ። ኖራ እንደ ዘይት ቀለም ግድግዳውን አያፍነውም።

ለማስጌጡ ብዙ መግዛት አያሻም። ነደባው፣ ማለትም የመቀመጫ መደቡ፣ እንደ ጥንቱ ቀይ ተቀብቶ ምንጣፍ ይነጠፍበት። የእናቶቻችን ስፌት ከሣጥን ወጥቶ ግድግዳው ላይ ይሰቀል፤ ሳህኑም በግድግዳው ውስጥ በተሠሩት መደርደሪያዎች ይደርደር።

በተረፈ፣ የጭቃውን ልክ የሚያውቁ አዛውንት ግንበኞች ሲሠሩ ልጆቻችን አጠገባቸው ቆመው ያግዙ። ነገ ይህን ቤት የሚጠግኑት እነርሱ ናቸውና።